እናቴ ያፈላችው መድኃኒት

ታላቅ ወንድሜ ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ሲያገናኝ እግሩን ብረት ጨፈለቀው። ቁስሉ አልድን አለ። ፔኒሲሊን ወጉት፣ ሌላም ሌላም ወጉት፤ መግሉ ግን ወይ ፍንክች። ሆስፒታሉ ውስጥ የነበረው ሩሲያዊ ሐኪም እግሩ መቆረጥ አለበት አለ። እናቴ ጫማው ላይ ወድቃ፣ "አፈር ስሆንልህ፣ ልጄን ጎዶሎ አታድርግብኝ" ብላ አለቀሰች።

አንጀቱን በላችው መሰለኝ፣ ከአገሩ ያመጣትን አንዲት ብልቃጥ አወጣ። አስተርጓሚው እንደነገረን፣ ውስጡ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው ያለው፤ ባክቴሪያው ላይ ተለጥፎ የራሱን ዘር ይከትበትና አፈንድቶት ይወጣል። ሰው አይነካም። "ሕያው ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ ጧትና ማታ ቁስሉ ላይ አፍስሱለት" ብሎ ወደ ቤት ሸኘን። እናቴ በለቅሶዋ መሀል የያዘችው "ቀዝቃዛ" የሚለውን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ከየት ይመጣል? ጎረቤታችን ሱማሌዋ ባለሱቅ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ነበራት። "አብሽሪ አቦ፣ ያንቺ ልጅ የእኔ ልጅ ነው" ብላ ለስላሳውን አውጥታ ለብልቃጧ ቦታ ለቀቀች።

ያን ሰሞን ስሙን መጥራት የተከለከለ ተቅማጥ ከተማውን ይዞት ነበር። የቀበሌው ካድሬ በድምፅ ማጉያ፣ ሳይፈላ የሚጠጣ፣ ሳይቀቀል የሚነካ ነገር እንዳይኖር እያለ ጆሯችንን አደነቆረው። እናቴ ታዛዥ ናት። ውሃውን አፍልታ ታቀዘቅዛለች፣ የቁስሉን ጨርቅ ትቀቅላለች፣ መርፌውንም ትቀቅላለች። ብልቃጧንም ከነክዳኗ ድስት ውስጥ ከትታ አንተከተከቻትና አቀዝቅዛ ወደ ፍሪጁ መለሰቻት። ማናችንም አላየናትም።

እኛ በመድኃኒቱ አምነን ተቀመጥን። ወንድሜ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው፣ "የሩሲያ ተባይ እግሬን እየጠገነልኝ ነው፣ ቀፊራ ገበያ ድረስ በእግሬ ነው የምወስድሽ" እያለ ይቀልድብኛል። እኔም እስቃለሁ። ቁስሉ ሲጠቁር፣ ሽታው ደጅ ድረስ ሲወጣ፣ አባቴ በጋሪ ጭኖ ሆስፒታል ወሰደው።

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ እንዴት እንዳስቀመጥነው ጠየቀ። እናቴ ቀና ብላ፣ "እንዳልከኝ ነው ዶክተር፣ በቀዝቃዛ። መጀመሪያ በደንብ አፈላሁት፣ ከዚያ አቀዘቀዝኩት" አለች። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ተረጎመለት። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ተቀመጠ፤ ሕያው የነበረው ሲፈላ ሞቷል። ሌላ ብልቃጥ አልነበረውም።

በዚያው ቀን እግሩን ቆረጡት። ዘግይተው ነበር። መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ወንድሜ ሳይነቃ ቀረ። ማንን ልርገም? ካድሬውን ረገምኩት፣ እሱም ያለው እውነት ነበር። እናቴንማ እንዴት አድርጌ? ልጇን ያጣችው በንጽሕናዋ ነው።

በቅርቡ ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጄ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ያን የባክቴሪያ ቫይረስ የራሱን ዘር አውጥተው የሰው ዘረ መል ይጭኑበታል አሉ፤ በተፈጥሮ አንድ ነገር ለጎደለው ሕፃን ሕዋሱ ውስጥ እንዲያደርስለት እየሞከሩ ነው። ለእናቴ ነገርኳት። አርጅታለች፣ ዓይኗም አያይም። ወንድሜ የተኛበትን አልጋ ጠርዝ ዳበሰች።

"እሱም ሕያው ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማ።"

"እንግዲያው ለልጅሽ ንገሪያት" አለች። "እናቶቹን ቀድመው ይንገሯቸው። እንዳያፈሉት።"