የበኩር ልጅ ሕግ

ልብስ ሰፊው ከሥራ መልስ የሚጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ የድሮ ነገሥታት ጨዋታ ነው። አንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ይዞ ማጋባት፣ ማዋለድ፣ ማዋጋት፣ ንጉሡ ሲሞት ደግሞ ዙፋኑን ለፈለጉት ማውረስ ነው። ሰፊውን ያላስደሰተው ይሄ «ለፈለጉት» የሚባለው ነገር ነው። ስለዚህ ጨዋታው ያላወጣውን ሕግ እሱ አወጣና በልኬት ደብተሩ ጀርባ ጻፈው፦ ዘመድ ዘመዱን በመርዝ አይገድልም፤ ዙፋኑ ጅልም ይሁን ሰነፍ ለበኩር ልጅ ነው፤ አልጋ ወራሽ ከአባቱ ግንብ አይወጣም።

በዚህ ሕግ ስንት መንግሥት እንደፈረሰ እሱ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ጦር መምራት የምታውቅ ብልህ ልዕልት ቁጭ ብላ፣ ከአደን በቀር ምንም የማያውቀው ታላቅ ወንድሟ ነገሠና ሦስት ከተማ አስረከበ። የሰፊው ታናሽ እህት በትከሻው በኩል አጮልቃ አየች።

«ማን አስገደደህ፣ ወንድምዓለም?»

«ሕግ ነዋ።»

«ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ስላወጣሁት ነው የማከብረው።»

እሱም የበኩር ልጅ ነው። የአባቱ ሱቅ ስፋቷ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም። አሥራ አራት ዓመት ያንኑ ሰማያዊ ኮሌታ ሲሰፋ፣ አንዳንድ ቀን የራሱን አንገት ያነቀው ይመስለው ነበር። ባለፈው ወር በሌላ ከተማ ያለ አንድ ቲያትር ቤት የነገሥታት ካባ የሚቆርጥ ሰው ፈልጎ፣ ሥራውን አይቶ ወደደለት። ከዚህ በላይ የሚመኘው ነገር አልነበረም። እስከ ሐሙስ መልስ ስጥ ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ደወለና አልመጣም አለ። ማንም አትሂድ አላለውም። የበኩር ልጅ የአባቱን ቤት ጥሎ አይሄድም ብሎ ራሱ ፈረደ፣ ራሱ ታሰረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ለእህቱ ነገራት። ከጎኑ ስትሰፋበት የነበረውን መኪና አቆመች።

«ለማን ብለህ?»

«ለእናንተ ነዋ። ሱቁን ለማን ጥዬ?»

«ለኔ። ሱቁን ስጡኝ ብዬ አባባን ሦስት ዓመት ለምኛቸዋለሁ። ወንድምሽ እያለ አይሆንም፣ እሱ ሲወጣ ትወስጃለሽ አሉኝ። እስክትሄድ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወንድሜን ውጣልኝ ልበለው?»

ሰፊው ስልኩን አንስቶ ቲያትር ቤቱ ጋ ደወለ። ያነሳችው ሴትዮ ቦታውን ጠዋቱኑ ለሌላ ሰው እንደሰጡት በትህትና ነገረችው። እህቱ ሰምታለች፤ አንገቷን ደፍታ ክር ቀየረች። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው ይሄኔ ነው።

ዛሬም በዚያች ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ አንዳቸው ሲነሳ የሌላው ወንበር ይገፋል። አያወሩም። አባትየው በሩ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ለአላፊ አግዳሚው «ልጆቼ ተስማምተው ነው የሚሠሩት፤ አንድ ቀን እንኳ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አላውቅም» ይላሉ።