ምስማር ላይ የተሰቀለው በርኖስ

ደብረ ብርሃን ያለው የበርኖስ ሱቃችን ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴም ለእኔ የወረደ ነው። የከተማችን ብርድ ጅብ የሚያስነጥስ ነውና ገዢ አጥተን አናውቅም።

ምስማር ላይ የተሰቀለው አንዱ ግን አይሸጥም። ወደ ወለጋ የወረደ የአንድ መንገደኛ አደራ ነው። "የአያቴ ነው" ብሎ ያልመጣ የሸዋ ሰው የለም፤ ሁሉንም "አያትህ የተወው ምንድን ነው?" እለዋለሁ፤ "በርኖስ" ሲለኝ አሰናብተዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የምትኖር አንዲት ሴት፣ ልጇን አዝላ ገባች።

"አባባ፣ ያ ስንት ነው?"

"አይሸጥም ልጄ፤ ወለጋ የወረደ ሰው አደራ ነው።"

በርኖሱን ቀና ብላ አየችና፣ "የእኔም አያት እዚህ ከተማ አደራ ትቶ ነበር" አለች።

"በርኖስ ነዋ!" አልኳት በሹፈት።

"ኧረ አይደለም። ግንባሯ ነጭ የሆነ ጥቁር በግ።"

አያቴ ያን በርኖስ ያሠራው ከዚያች በግ የመጀመሪያ ፀጉር ነው፤ ሱቁን የከፈተውም ግልገሎቿን አርብቶ በፀጉራቸው ነው። ይህን ከቤታችን ሰው በቀር ማንም አያውቅም።

በርኖሱን አውርጄ ከነልጇ አለበስኳት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ልትወጣ ስትል ወንበሬን ለቀቅሁላት።

"ወዴት ነው ልጄ? ተቀመጪ እንጂ፤ ሱቁስ የማን ሆነና?"