ለብቻዋ የተቀመጠች ኩባያ

ባሌ ልዑልቃል ነገሌ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የማያውቀው ወንዝ፣ የማያውቀው ተራራ የለም። የገዛ ደሙን ወረቀት ግን ሰባት ወር ሙሉ ተሳስቶ አነበበው። እኔ ሚስቱ እስከዳር ነኝ፤ ሳወራው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የጀመረው በደግነቱ ነው። በ2009 ጎረቤታችን ሸምሳ፣ ባለሱቋ፣ ስትወልድ ደም ፈሰሳትና ልዑልቃል ደም ሊሰጥ በባጃጅ ሆስፒታል በረረ። ደሙን ግን አልወሰዱለትም። «ሄፓታይተስ ቢ፣ ፖዘቲቭ» የምትል ወረቀት ሰጥተው ሐኪም አማክር አሉት። ሸምሳ በሌላ ሰው ደም ተረፈች። እሱ ወረቀቷን አጥፎ አትላሱ ውስጥ ከተተና ትንፍሽ ሳይል ቤቱ ገባ።

ሐኪም ጋ ሄደ? የት አባቱ! መምህራን ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው ወሬ አስመስሎ ጠየቀ። «ኧረ እሱ የወፍ በሽታ ነው፤ በምራቅ ይተላለፋል፣ ጉበት ይጨርሳል» አሉት። በቃ፣ በራሱ ላይ ሞት ፈርዶ መጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትሪያችን ራቀ። አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቶ ለብቻዋ መስኮት ላይ አስቀመጠ። የአምስት ዓመቷ ልጃችን እሙሽ ልታጎርሰው ስትሮጥ «ተይ! አትጠጊኝ!» ብሎ ጮኸባት። ከሥራ ሲመጣ አንገቱ ላይ የምትንጠለጠል ልጅ በር ላይ ቆማ መቅረት ለመደች። አልጋም ለየ። እኔ ምን ላስብ? ሌላ ሴት ይዟል አልኩ። ለፈተና ቁጥጥር ሜጋ ከተማ ሲላክማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ ረገምኩት።

ከሜጋ ይዞ የመጣው ግን ሴት ሳይሆን ጠርሙስ ውስጥ የተዘፈዘፈ መራራ ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት ተደብቆ ይጠጣዋል። ሰውነቱ አለቀ።

በሰባተኛው ወር አትላሱን ለእሙሽ ላሳያት ስገልጠው ወረቀቷ ዱብ አለች። ሲመጣ ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «እናንተን ላተርፍ ብዬ ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ደግሞም አናቱን ብለው ደስ ባለኝ። «ተነስ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን!» አልኩት።

ጤና መኮንኑ ጋሽ ጣዲቻ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ተቀበሉን። ደሙን እንደገና አስመረመሩ፣ ጉበቱንም አስመረመሩ፣ የቫይረሱን መጠን ለመለካት ደግሞ ናሙና ወደ ሌላ ከተማ ላኩ። ውጤቱ ሁሉ ሲሟላ አስቀምጠው አስረዱን።

«መምህር፣ ያቺ ወረቀት የምትለው ቫይረሱ ደምዎ ውስጥ አለ ነው። ጉበትዎ አልቋል አትልም። ስድስት ወር አልፎም ስላልጠፋ አብሮዎት የሚኖር ዓይነት ነው። ጉበትዎ ግን ደህና ነው፣ የቫይረሱም ቁጥር ትንሽ ነው። ለአሁኑ መድኃኒት አያስፈልግዎትም። በየስድስት ወሩ እየመጡ ይታያሉ፤ መጠጥና ያንን ሥር ይተዋሉ።»

«ኩባያውስ?» አለ ልዑልቃል።

«በኩባያ፣ በጉርሻ፣ ልጅ በመሳም አይተላለፍም። በደም ነው፤ በግንኙነት ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። የሚለየው ምላጭና ጥፍር መቁረጫ ነው።»

እኔና እሱ ተያየን። ቤታችን ያለው ጥፍር መቁረጫ አንድ ነው። እሱ ኩባያ ሲለይ፣ እኔ በዚያው መቁረጫ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሙሽን ጥፍር ስቆርጥ ነበር። እሷ ደግሞ ስትቁነጠነጥ ስንት ጊዜ ደምታለች! የልዑልቃል ፊት አመድ መሰለ። ለራሱ ሲል ያላለቀሰውን ያህል እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰ።

እኔም እሙሽም ተመረመርን። እንደዚያ ቀን የረዘመ ቀን አይቼ አላውቅም። እኔ ነጻ ነኝ ተባልኩ፣ ክትባት ጀመርኩ። እሙሽም ነጻ! ጨቅላ ሳለች የተወጋችው ክትባት ጠብቋታል። ያኔ «ልጄን አስለቀስሽብኝ» ብዬ የተቆጣኋት ነርስ፣ ዛሬ ባገኛት እግሯን በሳምኩ።

ቤት ገብተን ምሳ ቀረበ። ልዑልቃል ከስንት ጊዜ በኋላ ከእኛ ጋር ትሪ ከበበ። ጠቅልሎ ለእሙሽ ሲዘረጋላት ልጅቷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ነይ እንጂ የኔ እናት፣ ምንም የለም» አላት።

እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ፣ «አይሆንም አባዬ፣ በሽታዬ ይይዝሃል» አለችው።

ለካ ያን ሁሉ ወር ማን እንደታመመ የነገራት ሰው አልነበረም። ልዑልቃል ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። «እንግዲያስ አንቺ አጉርሺኝ» ብሎ አፉን ከፈተላት።

እሙሽ መጀመሪያ እጇን አየች፤ ከዚያ እኔን።