ልጇን ያልሰረዘችው ልብስ ሰፊ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ያልሰማህም ለማንኛውም ደንግጥ! የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት የጎረቤት መነጽር የምትዋሰው፣ ባሏ የሞተባት ሴትዮ፣ የመንግሥትን ካዝና ልታራቁት ስትል በንቁ ሹማምንት እጅ ወድቃለች።

የቤት ኪራይ ድጎማ ለማግኘት በየዓመቱ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ «አብረውዎት የሚኖሩ» ይላል፤ እሷም አምና ድራ ያስወጣቻትን ልጇን ጻፈች። ልማዷ ነው። የደንበኛን ልክ ከደብተሯ የምትሰርዘው ባለቤቱ ራሱ መጥቶ እንደገና ሲለካ ብቻ ነው። ከሞቱ አራት ዓመት ያለፋቸው የአንድ ሻለቃ የሱሪ ልክ ዛሬም ደብተሯ ላይ አለ። ልጅቱም መጥታ «ሰርዢኝ» አላለቻትም።

በድጎማ ሰጪው ቢሮ ሦስት ሹማምንት ለፍርድ ተሰየሙ። ስህተት ነው ከተባለ ተመክራ ትሄዳለች፤ ቸልተኝነት ከተባለ ድጎማው ለአንድ ዓመት ይቋረጣል። አከራይዋ ደግሞ ዓመት ቀርቶ ሳምንት የሚታገሥ ሰው አይደለም።

«እማማ፣ ቅጹን አንብበውታል?» አለ ሰብሳቢው፣ ቅጹን ዘቅዝቆ እንደያዘ።

«አንብቤዋለሁ ልጄ። አንተስ?»

ጸሐፊዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

«ልጅዎ ማግባቷን ለምን አላሳወቁም?»

«እዚሁ እናንተ ዘንድ አይደል እንዴ የተፈራረመችው! ማኅተሙንስ የመታላት ይኸው ከጎንህ የተቀመጠው አይደል?»

ባለማኅተሙ ክራባቱን አስተካከለ። «ያኔ መስኮት ሁለት ነበርኩ። አሁን መስኮት ሦስት ነኝ።»

«ውይ የኔ ልጅ! ሲያዛውሩህ ጭንቅላትህን እዚያው አስረከብክ?»

ተማከሩ፤ ውሳኔው ተነበበ። ቢሮው በእጁ ያለውን መዝገብ አለማየቱ «የአሠራር ክፍተት» ነው። እሷ ቢሮው የሚያውቀውን ደግማ አለመንገሯ ግን «ከባድ ቸልተኝነት» ነው። ክፍተት አይቀጣም፤ ክፍተት ከነውሎ አበሉ ሥልጠና ይላካል። የምትቀጣው ሴትዮዋ ናት።

ይግባኝ በአሥር ቀን ውስጥ ይፈቀዳል። መመሪያው ደግ ነውና የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጽ ሲሞላ ተሳስቶ የማያውቅ ምስክር። ሰፈሩን አዳረስነው። አስተማሪው አቀረቀረ፤ የባንክ ሠራተኛዋ እቤት እያለች «የለችም» አስባለች፤ እኔም ብሆን በሁለት ቅጽ ላይ በሁለት የተለያየ ዓመት የተወለድኩ ሰው ነኝ። ከአሥሩ ቀን ሰባቱ አልቋል። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ተሳስተህ የማታውቅ ከሆንክ መታወቂያህን ይዘህ ድረስላት፤ ብቻ ከመፈረምህ በፊት እስቲ አምና የሞላኸውን ቅጽ አውጣና…