ምሳ ሰዓት እየጠበቀ የሚጠፋው ሲስተም

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ባንክ ቤት ገብቼ «ሲስተም የለም» በተባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው አዳማ ነው። ሥራዬ ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ባለ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሮቹን እጠብቃለሁ። ሾፌሮች ኮንቴይነር ጭነው ከመውጣታቸው በፊት ወረቀታቸውን ከእኛ መስኮት ይወስዳሉ። መብራት በጠፋ፣ ማሽን በተበላሸ ቁጥር ሥራው ቀጥ ይል ስለነበር ሁለት ሰርቨሮች አጣመርኩ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሰው እጅ ሳይነካው ሥራውን በራሱ ይረከባል። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አልማዝ ፊት አንዱን ነቅዬ አሳየኋቸው። ሥራው ለአፍታ እንኳ አልቆመም።

«እንግዲያው ሲስተሙ ካልቆመ መስኮቱም አይዘጋም፤ ምሳ ሰዓትም ይሠራል» አሉ። ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሮች እየደወሉ ያማርሩ ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይ ሲስተም የለም ይባላሉ። ወይዘሮ አልማዝ ጠሩኝና «አይቆምም ያልከኝ ይሄ ነው? ወይ አስተካክል፣ ወይ የሚያውቅ ሰው ልፈልግ» አሉኝ። ስንት ዘመን ሥራ ፈልጌ ያገኘሁት እንጀራ ነው፤ ደነገጥኩ።

ማሽኖቹን ብፈትሽ ምንም አልሆኑም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ይባል የለ? እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። መጀመሪያ ጄኔሬተር የሚያስነሳውን ሰውዬ ጠረጠርኩ። ቀጥሎ በፊት እየተጠራ ይጠግን የነበረውን ባለሙያ፤ እንጀራውን ስለዘጋሁበት ተንኮል ሠርቶብኛል አልኩ። ገመድ ለገመድ ስርመሰመስ ሰነበትኩ። ምንም የለም።

አንድ ቀን ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ሾፌሮቹ መሃል ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል የመስኮቷ ሠራተኛ ሐዊ «ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቁ» ብላ መጋረጃውን ሳበችው። በስልኬ ብከፍተው ሲስተሙ ይሠራል!

«እሱም እንደ ሰው ምሳ ይበላል እኮ» ብሎ አጠገቤ ያለው ሾፌር ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይቺ ልጅ በጓሮ በኩል የምትጨርሰው ነገር አላት ብዬ ተከተልኳት።

ከአጥሩ ውጪ ባጃጅ ቆሟል። ባጃጁ ውስጥ የተቀመጡ ትልቅ ሴትዮ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቀበሏት። «አገኘሁሽ!» አልኩ በልቤ። ወዲያው ጥቅሉ አለቀሰ።

ሐዊ ልጇን እንደታቀፈች ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ሴትዮዋ እናቷ ናቸው፤ በኦሮምኛ ማን እንደሆንኩ ጠየቋት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«በናትህ፣ ለወይዘሮ አልማዝ እንዳትነግር» አለችኝ። «ጡጦ እምቢ ብሎኛል። ድሮ ምሳ ሰዓት መስኮቱ ሲዘጋ አጠባው ነበር። አሁን ያንተ ማሽን አይቆምም፣ እኔም አልነሳም። ማሽኑስ ተተኪ አለው። እኔን ማን ይተካኛል?»

እውነቱን ብናገር እኔ እተርፋለሁ፣ እሷ ትባረራለች። ዝም ብል የምባረረው እኔ ነኝ። ወይ ጣጣ!

ወይዘሮ አልማዝ ጋ ገባሁና «ማሽኑ ደህና ነው፤ የጎደለው መስኮቱ ላይ ተተኪ ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሐዊን እኔ ልተካት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ከልጅቷ ጋር ምን አላችሁ?»

«ኧረ ምንም።»

«ምንህም ላልሆነች ነው ምሳህን የምትተው?»

አላመኑኝም፤ ግን ፈቀዱ።

ይኸው እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የሚደውል ሾፌር የለም። የቢሮው ሰው ግን ልጁ የእኔ ነው ብሎ ደምድሟል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅማ «ቁርጥ አባቱን!» እያለች እኔን እኔን ታያለች። ወሬው አዳማ እጮኛዬ ጆሮ ደርሶ ስንት ምዬ ተገዝቼ ነው የታረቅነው። እውነት ለመናገር ዛሬም ያናድደኛል። ቢሆንም ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነስቼ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ። ልጁ መጥባት አለበት።