የባሕር ዳሩ ቡራኬ

ሰዎቹን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ልጄ። ልጅቱ አለች፤ ከቤታችን ማዶ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የምትኖር። አባቷ አሉ፤ ገበሬ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ። የጤና ረዳቱ አለ፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ካቶሊክ። የንስሐ አባታችን አሉ። ልብስ ሰፊው አለ፤ ጴንጤ ነው። እኔም አለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንተ የቆሰለ እጄን ስታስርልኝ የአዮዲኑ ሽታ ነው ያስታወሰኝ። ያ የጤና ረዳት የሚሸተው እንዲህ ነበር። አነጋገሩንም፣ የተተኮሰ ሸሚዙንም ጠልቼበት ነበር፤ ሽታውን ግን ከሁሉ አብልጬ ጠላሁት፤ አንድ ቀን ከልጅቱ ነጠላ ላይ ሸተተኝ።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጅቱን ከልጅነቴ ጀምሮ በልቤ ይዣት ነበር፤ ለሷ ግን አንድም ቀን አልነገርኋትም። መናገር የማይፈራው የጤና ረዳት መጣና ቀደመኝ። ሁለቱ ባሕር ዳር ወርደው፣ በካቶሊክ ቄስ ተባርከው፣ ባልና ሚስት ሆነው ተመለሱ። አባቷ ባልና ሚስቱ ከተከራዩት ክፍል ድረስ ሄደው እጇን ይዘው ወደ ቤታቸው መለሷት።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ።

"አባ፣ የካቶሊክ ቄስ ቡራኬ ይጸናል?"

"ክህነታቸውን አንቀበልም። ቡራኬውም ለኛ እንዳልነበረ ነው" አሉኝ። "ልጅቱ የንስሐ ጥምቀቱን፣ ቄደሩን ተጠምቃ ትመለስ። ለምን ጠየቅኸኝ?"

"እንዲሁ ነው፣ አባ።"

ሃይማኖቴን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ካቶሊክ አይወድም ብዬ ልብስ ሰፊውንም ጠየቅሁት። ክሩን በጥርሱ ቆርጦ ሳቀ። "የማንም ቄስ እጅ አያጋባም። በእግዜር ፊት ቃል ከተገባቡ አበቃ። የናንተም ቄስ ቢሆን ያው ነው" አለኝ። ይኸኛው አልጠቀመኝም፤ ትቼው ወጣሁ።

መንገድ ላይ የጤና ረዳቱን አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

"ቡራኬያችሁ አይጸናም ተብሏል" አልሁት።

"የኛ ቄሶች የናንተን ቡራኬ ቡራኬ ነው ይላሉ" አለኝ ቀስ ብሎ። "የናንተ ቄስ ቢባርኩን እኔ ደስ ይለኝ ነበር።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህም በለጠኝ።

ቡራኬው ካልጸና ባል የላትም ብዬ ወደ አባቷ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ተቀመጡ እስኪባሉ በር ላይ ቆሙ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ አዳምጣለሁ፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮዬን ይቆነጥጠኛል፤ እርጥብ ገለባ ይሸታል። አባቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ ወጣች።

"አባቶቼ፣ ባል አለኝ።"

"ቡራኬው አይጸናም ተብሏል እኮ፣ ልጄ" አሏት አንደኛው።

"እግዜር ሰማው አልሰማው እናንተ ተከራከሩ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ እሺም ብያለሁ። ለመሆኑ ማን ነው የላካችሁ?"

ስሜን ነገሯት።

"ያ ዝምተኛው?"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ያህል የቆረጠኝ የለም።

በዚያው ሳምንት ባሏ ሥራውን ጥሎ፣ እሷም አገሯን ጥላ፣ በማለዳ አውቶቡስ ሄዱ።

ቅናት የሃይማኖት ልብስ ሲለብስ ኃጢአት አይመስልም፣ ልጄ፤ ይኸን ያዝልኝ። ዋጋውን ግን ሁላችንም ከፈልን። አባቷ ዳግመኛ ፊቷን ሳያዩ ሞቱ። ለቀብራቸው መጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመች፤ ባሏ ጃንጥላ ይዞላት ነበር፤ ያን ጊዜም ቀናሁ። የንስሐ አባታችን እስኪያርፉ ድረስ "ለምን እንደጠየቅኸኝ ባውቅ ኖሮ" ይሉኝ ነበር።

እናትህም ከፍላለች። የተጋባነው በሳቸው እጅ፣ በተክሊል ነው፤ ማንም የማይከራከርበት ቡራኬ ነበር። መስቀሉ ከራሳችን ላይ ሳለ እናትህ ቀና ብላ አየችኝ። የኔ ዓይን ግን ያቺ ልጅ የምትመጣ ይመስል በሩ ላይ ነበር።