ዝቅ ያለው ቤት

ጎረቤቴ ጃንጥላ ትጠግናለች። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለችው ጠባብ ሱቅ የእሷ ናት፤ የተሰበረ ዘንግ፣ የተቀደደ ጨርቅ፣ እምቢ ያለ የቦርሳ ዚፕ ሁሉ እሷ ዘንድ ይሄዳል። ሰፈሩ ባለጃንጥላዋ ይላታል። በልጅነቷ በያዛት ፖሊዮ ሁለቱም እግሮቿ ስለሰለሉ በሁለት ክራንች ነው የምትሄደው። እጆቿ በክራንች ተይዘው የለ፣ የሰዉን ሁሉ ጃንጥላ እየጠገነች ዝናብ ሲመጣ ራሷ ትበሰብሳለች። ይህን ቀልድ ራሷ ናት የምታወራው፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ግን አትስቅም።

እኔ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቷ ነኝ። ላውንደሪ ቤት የሰው ልብስ ስተኩስ ውዬ ስገባ ወገቤ የኔ አይደለም። ስለዚህ ወሬዬ የደከመው ሰው ወሬ ነው፤ ቢመርራችሁ ቻሉኝ።

እሷን የሚያደክማት ሰው ነው። ጃንጥላውን ሊወስድ የመጣ ሁሉ “አንቺ እኮ ጀግና ነሽ!” ይላታል። “ዚፕ ስለቀየርኩ?” ትለዋለች። ሌላዋ ከንፈሯን ትመጥና “ላይችል አይሰጥም” ብላ ታጽናናታለች። አንድ ጊዜ ደግሞ የሴቶች ቀን ነው ተብሎ ሊሸልሟት ጠሯት። መድረኩ መውጫው ደረጃ ብቻ ነበርና ወንዶች እንደ ጆንያ ተሸክመው አወጧት፤ ስለ ጥንካሬዋ ንግግር ተደረገ፣ አበባ ተሰጣት፣ ተጨበጨበ። ከዚያ የተሸከሟት ሰዎች ለምሳ ሄደው ኖሮ የሚያወርዳት ጠፋ። “ተሸልሜ ቀረሁ” ትላለች ስታወራው።

ቤቷ ውስጥ ግን ክራንች አያስፈልጋትም። ስትገባ ክራንቾቹን በሩ ጋ ታስደግፍና ቁጭ ትላለች፤ ከዚያ በእጆቿ እየተገፋች ከጥግ ጥግ ትሄዳለች። ስለዚህ ያ ቤት ዝቅ ያለ ቤት ነው። ምድጃው በጡብ ላይ፣ ድስትና ሳህኑ በግድግዳው ሥር፣ የውሃው ጀሪካን ቧንቧ ተገጥሞለት ከወለሉ አጠገብ፣ ፍራሹ መሬት ላይ፣ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሻካራ ምንጣፍ። ለእንግዳ ዓይን ድህነት ይመስላል። እሷ ግን እዚያ ውስጥ ማንንም “እባክህ አቀብለኝ” ብላ አታውቅም። እኔ ቆሜ ከምሠራው እሷ ተቀምጣ የምትሠራው ይፈጥናል፤ ይህን ስላት “አንቺ ከላይ እስክትወርጂ ነዋ” ትለኛለች።

የሰፈራችንን ዳቦ ጋጋሪ ስታገባ ዘመድ ተገረመ። ስታረግዝ ግን ተቆጣ። “እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ” አሏት። ትልቅ እህቷማ ወዲያው ፈረደች፤ ልጁ ሲወለድ እኔ ወስጄ አሳድገዋለሁ አለች። ይቺን እህት ክፉ ናት ብል ሐሜት ይሆንብኛል። በልጅነታቸው በጀርባዋ አዝላ ትምህርት ቤት ያመላለሰቻት እሷ ናት፤ ጉልበቷ ያለ ዕድሜው ያለቀው፣ እንደ ራሷ አባባል፣ ያኔ ነው። ባለጃንጥላዋ “እታለም፣ ልጄን ለማንም አልሰጥም” ስትላት፣ “እርግዝናው ነው የሚያናግርሽ” ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በመጨረሻ ዘመድ ተሰብስቦ ተስማማ፦ ወልዳ ስትገባ ትታይ፤ ከቻለች ታሳድግ፣ ካቃታት እህትየዋ ትውሰድ። ለሌላ እናት እንዲህ ያለ ፈተና ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በጣም ነው የተናደድኩት።

በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች እህትየዋ የቤቱን ቁልፍ ከጋጋሪው ተቀብላ፣ “ለሕፃን የሚሆን ቤት ላሰናዳ” ብላ ገባች። ባለጃንጥላዋ የምትመለስበት ቀን እኔ ከሥራ አስፈቅጄ ስደርስ ያገኘሁት የማላውቀውን ቤት ነው። ምድጃው ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። ጀሪካኑም እዚያው ከምድጃው ጎን። ድስትና ብርጭቆው ከራሴ በላይ በተመታ መደርደሪያ ተደርድሯል። በፍራሹ ቦታ እግረ ረጅም አልጋ ቆሟል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጥቶ ወለሉ በሰም ተወልውሎ ፊት ያሳያል። እህትየዋ ላቧን እየጠረገች፣ “ልጅቷ መዳህ ስትጀምር እሳትና ስለት እንዳታገኝ ብዬ ነው” አለችኝ። በቅን ልብ ነው ያደረገችው። የባሰውም እሱ ነው።

ባለጃንጥላዋ ደረሰች፤ ጋጋሪው ሕፃኗን ታቅፎ ከኋላዋ። ክራንቿ ወለሉን እንደነካ ሸተት አለ። የበሩን መቃን ባትይዝ ኖሮ ከነቁስሏ ትዘረር ነበር። “አያችሁ! አያችሁ አይደል!” ብላ ጮኸች እህትየዋ። ክራንቾቹን በሩ ጋ አስደግፈን እሷን አልጋው ላይ አወጣናት። እግሮቿ ተንጠልጥለው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት ውሃ አቀብሉኝ፣ ጨርቅ አቀብሉኝ፣ ልጄን አቀብሉኝ ስትል ዋለች። በጠየቀች ቁጥር ድምጿ እያነሰ ሄደ። ለምን እንደማትቆጣ ገብቶኛል። ሰው ስንት ጊዜ ያስረዳል?

አመሻሽ ላይ እህትየዋ ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ተነሳች። “በዓይኔ አየሁ እኮ፣ የኔ እናት። ውሃ እንኳ ራስሽ ቀድተሽ አልጠጣሽም። በልጅ ሕይወት አይቀለድም። እወስዳታለሁ፣ እየመጣሽ ታያታለሽ።” ጋጋሪው ጫማውን ጫማውን ያያል።

“አውርደኝ” አለችው ባለጃንጥላዋ።

“የት?”

“መሬት።”

አወረዳት። በአንድ እጇ ቁስሏን ይዛ በሌላው እየተገፋች ሄዳ መደርደሪያው ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። “እታለም፣ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ።”

“መሸ እኮ፣ ልሂድበት።”

“ቁጭ በይ ስልሽ።”

እህትየዋ ሕፃኗን እንደታቀፈች እያቃሰተች ተቀመጠች።

“አሁን አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጪኝ። እንዳትነሺ ግን።”

እህትየዋ ቀና ብላ ብርጭቆዎቹን አየች፤ ቀጥላ ጀሪካኑን አየች። አንድ እጇን ሽቅብ ዘረጋች፤ መደርደሪያው ይቅርና እጇ ከጠረጴዛው ጫፍ አልፎ ጀሪካኑ ጋ አልደረሰም። እጇን መለሰች። ያን ቤት ከዚያ ቦታ ሆና አይታው አታውቅም።

“ሁሉም ነገር እጄ ሥር ነበር” አለች ባለጃንጥላዋ። “አንቺ ከፍ ስላደረግሽው ነው ያቃተኝ። ደክሞኛል እታለም። ስታዝኑልኝ ደከመኝ፣ ስታደንቁኝም ደከመኝ። ቤቴን መልሺልኝ።”

“ልጅቷን ይዘሽ ብትወድቂስ?” እህትየዋ ታለቅሳለች።

“መሬት ተቀምጬ ወዴት ነው የምወድቀው?”

እህትየዋ ሕፃኗን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እልኋን ጋጋሪው ላይ ተወጣች፤ “ምን ተገትረህ ታያለህ? መደርደሪያውን አውርደዋ!”

እሱ መዶሻ ፍለጋ ወጣ። ባለጃንጥላዋ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። እህትየዋ ልትነሳ ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት። ደግማ ሞከረች፤ አሁን ደግሞ ሰሙ አንሸራተታት። “ወይ ጉድ! እኔንስ ማን ያነሳኛል?”

እኔ ላነሳት ስጠጋ ታናሿ ቀደመችኝ። “ክራንቹ በሩ ጋ አለ” አለቻት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ “ተዋሺው።”